ዘካው ከየትኛው መዝገብ ይወጣል?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ክረምት ሲገባ ቆሰበር ላይ ሁለት ነገር አብሮ ይመጣል፤ ዝናቡና ግብሩ። ሰኔ 30 ዓመቱ ይዘጋል፣ ሐምሌ 1 አዲሱ የበጀት ዓመት ይጀምራል፣ ትንንሽ ነጋዴዎች በሐምሌ ውስጥ ያለፈውን ዓመት ግብራቸውን አሳውቀው ይከፍላሉ። የሂሳብ ባለሙያዎች ቢሮ መብራት እስከ ማታ የማይጠፋው በዚህ ወር ነው። አካውንቲንግ የሚማሩ ልጆቻችንም የዩኒቨርሲቲ የትብብር ደብዳቤ ይዘው ለተግባር ልምምድ ከቢሮ ቢሮ የሚዞሩት በዚሁ ወቅት ነው።

ከነዚህ አንዱ የመስጂዳችን ደረሳ ነው። ቁርኣን አኽትሟል፣ ከፊቅህ ጥቂት ቀርቷል፣ የፈራኢድ (የውርስ ክፍፍል) ደርስም ከእኛ ጋር ተቀምጧል። ባለፈው ክረምት ባሕር ዳር በሚገኝ አንድ የሂሳብና ኦዲት ቢሮ ሁለት ወር ተለማመደ። የእሱንም የቢሮውንም ስም አንጠቅስም። ያየውን እንድናካፍላችሁ ፈቅዶልናል፤ እኛም ለተማሪም፣ ለወላጅም፣ ከሁሉም በላይ ለነጋዴ ይጠቅማል ብለን ጽፈነዋል።

*ሁሉም የጠየቀው ጥያቄ*

ልጁ ከመሄዱ በፊት ቤተሰቡም ጓደኞቹም ደጋግመው ያነሱበት ጉዳይ አንድ ነበር፦ ወለድ። ሰዎች መጨነቃቸው ተገቢ ነው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወለድ የሚበላውን ብቻ ሳይሆን የሚያበላውን፣ የሚጽፈውንና ሁለቱን ምስክሮች ጭምር መርገማቸውን ሙስሊም ዘግበውታል። የሂሳብ ሠራተኛ ደግሞ ጸሐፊ ነው። እናቱ «ልጄ እርግማን ሊጽፍ ነው እንዴ?» ብለው እስከ መስጂድ ድረስ መጥተው ጠይቀዋል።

ጥያቄውን ለኢማማችን አቀረብነው። ኢማሙም የወለድ ውል የሚያረቅና የወለድ ስሌት የሚሠራ ሰው አንድ ነው፣ የሌላውን መዝገብ የሚመረምር ሰው ጉዳይ ግን ዑለማኦች በዝርዝር የሚያዩት ሌላ ነው አሉ። ለልጁ የሰጡት ምክር ቀላል ነበር፦ «ገና ተማሪ ነህ፤ ሥራው ብዙ ነው። ከብድር ፋይል ራቅ ያለውን እንዲሰጡህ በአክብሮት ጠይቅ። ካልሆነልህ ደውልልን።»

ልጁም በመጀመሪያው ቀን አለቃውን «ጋሼ፣ በሃይማኖቴ ምክንያት የወለድ ስሌት ባልሠራ ደስ ይለኛል፤ ሌላ የትኛውንም ሥራ እሠራለሁ» አላቸው። ሰውየው ክርስቲያን ናቸው። ቅር ሳይላቸው የደመወዝ መክፈያና የዕቃ ቆጠራ ሰጡት። ለዙህርና ለጁምዓ ሶላትም የምሳ ሰዓቱን አሸጋሽገውለታል። ይህን የምንጠቅሰው ብዙ ልጆቻችን ከመጠየቃቸው በፊት «አይፈቅዱልኝም» ብለው ሶላታቸውን ስለሚያሳልፉ ነው። መጀመሪያ ጠይቁ።

*ቢሮው ውስጥ የተማረው*

ደመወዝ መክፈያ ላይ ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ለጡረታ እንደሚገባ በክፍል ያውቀው ነበር። የማያውቀው አንዳንድ አሠሪ ከሠራተኛው ቆርጦ ለወራት እጁ ላይ እንደሚያቆየው ነው። ያ ገንዘብ የጥበቃው፣ የጽዳት ሠራተኛዋ አማና ነው። ዕቃ ቆጠራ ላይ ደግሞ ቢን ካርድ 200 ከረጢት የሚለው መጋዘን ውስጥ ገብቶ 183 ሲያገኝ፣ ወረቀት ከዓይን እንደማይበልጥ ተማረ። ፒችትሪ የሚባለውን የሂሳብ ፕሮግራምም እዚያው ነው የለመደው።

አንድ ቀን የሚዛን ማመሳከሪያው (ትሪያል ባላንስ) አልገጥም አለው። በዴቢትና በክሬዲት መካከል የ4,500 ብር ልዩነት መጣ። አብሮት የሚሠራ ነባር ሠራተኛ «ልዩ ልዩ ወጪ ውስጥ ክተተውና እንሂድ» አለው። ልጁ አልከተተውም። 4,500 ለ9 ሲካፈል ቀሪ የለውም። ልዩነቱ ለ9 እኩል ሲካፈል ብዙ ጊዜ ሁለት አሃዝ ቦታ ተቀያይሯል ማለት እንደሆነ ተምሯልና ደረሰኝ በደረሰኝ ፈለገ። በማግስቱ አገኘው፤ 7,200 የነበረው 2,700 ተብሎ ተጽፏል።

ይህን ትዕግሥት ከየት አመጣኸው ስንለው «ከፈራኢድ» አለን። ደርስ ላይ ያልነበራችሁ እንድትረዱት ምሳሌውን እናስቀምጠው።

አንዲት ሴት ልጅም ወላጅም ሳትተው ባልና ሁለት የእናት የአባት እህቶችን ትታ ሞተች። የባል ድርሻ ግማሽ፣ የሁለቱ እህቶች ድርሻ ሁለት ሦስተኛ ነው። ከ6 ብናስበው ባል 3፣ እህቶች 4 ይደርሳቸዋል። ድምሩ 7 ሆነ፤ ንብረቱ ግን 6 ነው! በዑመር (ረ.ዐ) ዘመን እንዲህ ያለ ጉዳይ ሲመጣ ሶሐቦችን አማክረው የወሰኑት ንብረቱ ለ7 እንዲከፈል ነው። ንብረቱ 420,000 ብር ቢሆን ባል 180,000፣ እያንዳንዷ እህት 120,000 ትወስዳለች። ጉድለቱን አንዱ ላይ ደብቀው አልጣሉትም፤ ሁሉም በድርሻው ልክ ተሸከመው። ዓውል የሚባለው ይህ ነው። ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) በዚህ የተለየ አቋም ነበራቸው፤ አብዛኞቹ ዑለማኦች ግን የዑመርን ውሳኔ ይዘዋል።

እንግዲህ ደረሳ ሆኖ ይህን የቀራ ልጅ፣ ሂሳብ አልገጥም ሲል በምንጣፍ ሥር አይጠርገውም። በ9ኛው ክፍለ ዘመን ባግዳድ የነበረው አል-ኸዋሪዝሚ በአልጀብራ መጽሐፉ ትልቁን ክፍል የሰጠው ለውርስና ለኑዛዜ ስሌት መሆኑንም እዚህ ላይ ማስታወስ ጥሩ ነው። መስጂድና ሂሳብ ድሮም ጎረቤት ናቸው።

*ማንም ያልጠየቀው ጥያቄ*

ሐምሌ አጋማሽ ላይ አንድ ፋይል ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። ውስጡ ከአንድ ሻጭ የተቆረጡ ሦስት የግዥ ደረሰኞች ነበሩ። አንዱ ላይ የጥቅምት፣ አንዱ ላይ የጥር፣ አንዱ ላይ የግንቦት ቀን ተጽፏል። ቁጥራቸው ግን ተከታታይ ነው። ያ ሻጭ በሰባት ወር ውስጥ ከዚህ ደንበኛ በቀር ለማንም አልሸጠም ማለት ነው? ከሥር ደግሞ ነጋዴው ሳያስተውል የላከው በእጅ የተጻፈ ጥቁር ደብተር አለ። የደብተሩ ሽያጭ ለግብር ከሚቀርበው በብዙ ይበልጣል። ደብተሩ የእውነቱ፣ ፋይሉ የመንግሥት።

ልጁ አለቃውን «ጋሼ፣ የነዚህ ደረሰኞች ቁጥር ይከታተላል፤ ቀናቸው ግን ይራራቃል» አላቸው። «ደንበኛ ያመጣውን መመዝገብ ነው የኛ ሥራ። ፈራሚው እሱ ነው፤ አንተ ምን አገባህ?» አሉት።

ማታ ደወለልን። ከነገረን ሁሉ የከበደን አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ኡስታዝ፣ ከመምጣቴ በፊት ሰው ሁሉ ስለ ወለድ ጠየቀኝ። ስለ ሐሰተኛ ደረሰኝ ግን ማንም አልጠየቀኝም። ፋይሉ ደግሞ የሙስሊም ነጋዴ ነው።»

የነጋዴውን ስም አልነገረንም፤ እኛም አልጠየቅነውም። የደንበኛ ምስጢር ለሂሳብ ሠራተኛ አማና ነው። ይህንን ደጋግመን የምንለው «ማን ይሆን?» እያላችሁ ወደ ጎረቤት እንዳትዞሩ ነው። እያንዳንዳችን ወደየራሳችን መሳቢያ እንዙር።

በማግስቱ ልጁ አለቃውን «ጋሼ፣ ይህን ፋይል ለሌላ ሰው ስጡልኝ፤ እኔ ልመዘግበው አልችልም» አላቸው። አልጮኹበትም፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ፒችትሪውን ወስደው ፋይል ማደራጀትና ፎቶ ኮፒ ሰጡት። ነሐሴ መጨረሻ የታሸገው የግምገማ ፖስታ ለትምህርት ክፍሉ ሲደርስ ውጤቱ መካከለኛ ነበር፤ ከጓደኞቹ ያነሰ። አላህ ወዲያው የተሻለ ሥራ ሰጠው ብለን የምንጨርሰው ታሪክ የለንም። ልጁ ነጥብ አጥቷል። ያላጣውን እሱም እኛም እናውቃለን።

*ጸሐፊነት በቁርኣን*

በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አያ ስለ ጀነት ወይም ስለ ጀሀነም አይደለም፤ ዕዳን ስለመጻፍ ነው። ሱረቱል በቀራ 282ኛው አያ። አላህ እዚያ ላይ እስከ ተወሰነ ጊዜ ስትበዳደሩ ጻፉት፣ ጸሐፊው በፍትሕ ይጻፍ፣ አላህ ያስተማረው ስለሆነ መጻፍን እንቢ አይበል፣ ዕዳው ያለበት ሰው ራሱ እየነገረ ያስጽፍ፣ ምንም አያጉድል፣ ምስክሮች ይኑሩ፣ ጸሐፊውም ምስክሩም አይጎዱ የሚሉ ትእዛዞችን ያስተምረናል። ትንሽም ትልቅም ቢሆን ለመጻፍ እንዳንሰላችም ይመክረናል።

ከዚህ ሁለት ነገር እንወስዳለን። አንደኛ፣ ነገሩን የሚያስጽፈው ባለቤቱ ቢሆንም ጸሐፊው የራሱ ኃላፊነት አለበት። «ፈራሚው እሱ ነው» የሚለው መልስ ባለቤቱን ተጠያቂ ያደርጋል እንጂ እያወቀ የጻፈውን ነጻ አያወጣም። ሁለተኛ፣ ጸሐፊውን መጉዳት ክልክል ነው። አንድን ወጣት በነጥቡ ወይም በእንጀራው አስፈራርቶ ሐሰት ማስጻፍ እዚህ ውስጥ ይገባል ብለን እንፈራለን። በአገራችን ሕግም ቢሆን ቀልድ አይደለም፤ በታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 በሐሰተኛ ደረሰኝ መጠቀም በእስራት የሚያስቀጣ ወንጀል ነው።

*«ግብር ነው እንጂ የሰው ገንዘብ አይደለም»*

ይህ ሰበብ በየሱቁ ይሰማል። ግብሩ ከበደን፣ ግምቱ ከአቅማችን በላይ ሆነ የሚሉ ነጋዴዎች አሉ፤ ብዙዎቹ እውነታቸውን ነው። ለዚያ ግን መንገድ አለው፦ ቅሬታ ማቅረብ፣ ይግባኝ ማለት፣ ማስረጃ ማሳየት። ማስረጃ የሚኖረው ደግሞ እውነተኛ መዝገብ የያዘ ነጋዴ ብቻ ነው። ሁለት መዝገብ ያለው ሰው ቢበደልም አፉን ሞልቶ መከራከር አይችልም፤ ደብተሩ እንዳይታይበት ይፈራልና።

ደግሞም ጉዳዩ ከመንግሥት ጋር ብቻ አይደለም። ሐሰተኛ ደረሰኝ የውሸት ምስክር ነው። አጠገቡ ያለው ሐቀኛ ነጋዴ በእውነት ሲከፍል፣ እሱ በሐሰት ዋጋ ሰብሮ ገበያውን ይወስድበታል። ሸሪኮች ካሉት የእነሱ ትርፍ ይዛባል። ነጋዴው በድንገት ቢሞት የቲሞቹ የሚወርሱት ከየትኛው ደብተር ነው? ፈራኢድ የሚሠራው የታወቀ ንብረት ላይ ነው። እኛ ለጀናዛ ቤት ተጠርተን ስንሄድ ወራሾች ሁለት ደብተር ይዘው ሲጨቃጨቁ ማየት እንግዳችን አይደለም።

«ገበሬው ደረሰኝ የለውም፤ ምን እናድርግ?» የሚሉም አሉ። እኛ ያለንበት አገር የድንች፣ የገብስ፣ የቀርከሃና የዲከረንስ ከሰል አገር ነው፤ የምንገዛው ደረሰኝ ከሌለው ገበሬ ነው። እውነት ነው። መፍትሔው ግን ከሌላ ሰው ደረሰኝ መግዛት አይደለም። ደረሰኝ ከሌለው ሻጭ ለሚገዛ ነጋዴ የግዥ ቫውቸር የሚባል አሠራር አለ፤ የሻጩ ስም፣ መጠኑ፣ ዋጋውና ፊርማው የሚሰፍርበት። ወደ ገቢዎች ቢሮ ጎራ ብላችሁ እንዴት እንደሚፈቀድ ጠይቁ።

*ዘካው ከየትኛው ይወጣል?*

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። ለመንግሥት አንድ መዝገብ፣ ለራሱ ሌላ መዝገብ የያዘ ሙስሊም ረመዷን ሲደርስ ዘካውን ከየትኛው ያሰላል? «ከእውነተኛው» ይለናል። እስቲ በሐቅ እንነጋገር። ዓመቱን ሙሉ ቁጥር ማሳነስ የለመደ እጅ፣ አንድ ቀን በድንገት ሙሉውን ይቆጥራል? ብዙ ጊዜ የሚሆነው ሦስተኛ መዝገብ ነው፤ በግምት የሚወጣ፣ «ይህችን ለሚስኪን» የሚባል። ያ ሰደቃ ሊሆን ይችላል። ዘካ ግን ስሌት ያለው የሌሎች ሐቅ ነው።

ስሌቱን ልጁ ከልምምድ ሲመለስ ከእኛ ጋር ተቀምጦ በቀላሉ እንዲህ አስቀመጠው። ዓመቱ ሲሞላ፦

– ለሽያጭ የተቀመጠ ዕቃ በዕለቱ መሸጫ ዋጋ፦ 2,600,000 ብር
– በእጅና በባንክ ያለ ጥሬ ገንዘብ፦ 400,000 ብር
– ይከፈላል ተብሎ የሚታመን ሰው ጋር ያለ ዱቤ፦ 300,000 ብር
– ሲቀነስ፦ መክፈያው የደረሰ ዕዳ፦ 900,000 ብር

ቀሪው 2,400,000 ብር ይሆናል። ኒሷቡን (የ85 ግራም ወርቅ ዋጋ) ከሞላ 2.5 በመቶው፣ ማለትም 60,000 ብር፣ ዘካ ነው። መደርደሪያው፣ ሚዛኑ፣ መኪናው ለመሥሪያ እንጂ ለሽያጭ ስላልሆኑ አይቆጠሩም። ዕዳ አቀናነስ ላይ መዝሀቦች ይለያያሉና የየራሳችሁን ዓሊም ጠይቁ። አንድ ነገር ደግሞ አትርሱ፤ የዘካ ዓመት በጨረቃ ስለሆነ ከሐምሌ እስከ ሰኔ ካለው የግብር ዓመት ወደ 11 ቀን ያጥራል። ዘካችሁን በግብር ዓመት መዝጊያ ማሰብ ከቀለላችሁ፣ የዘመናችን የኢስላማዊ ሂሳብ ባለሙያዎች ልዩነቱን ለማካካስ 2.577 በመቶ ያስባሉ።

አያችሁ? ከላይ ያሉት አራት መስመሮች አንድ እውነተኛ መዝገብ ለያዘ ሰው የአንድ ማታ ሥራ ናቸው። ሁለት መዝገብ ለያዘ ግን የአንደኛው መስመር መልስ እንኳ ያጨቃጭቀዋል።

*ምን እናድርግ?*

ለተማሪዎች፦ ከአካውንቲንግ አትሽሹ። ከወለድ ነጻ ባንክ በአገራችን መስኮት ከመሆን አልፎ ዘምዘም ባንክ በ2013 ራሱን ችሎ ሥራ ጀምሯል፣ ሂጅራ ባንክም ተከትሏል። ሙራበሐን እንደ ብድር ሳይሆን እንደ ሽያጭ መመዝገብ የሚያውቅ፣ ባሕሬን ያለው የኢስላማዊ ተቋማት የሂሳብና ኦዲት መሥፈርት አውጪ ድርጅት የሚያወጣቸውን መሥፈርቶች የሚያነብ ባለሙያ ያስፈልጋል። ልምምድ ስትወጡ ግን ሁለቱንም ጥያቄ ይዛችሁ ውጡ፤ ወለዱንም፣ ሐሰቱንም። ያላወቃችሁትን አትፈርሙ። የደንበኛ ምስጢር አታውሩ። እንቢ ስትሉ በአደብ ይሁን።

ለወላጆች፦ ልጃችሁ በመካከለኛ ነጥብ ሲመለስ ከመቆጣታችሁ በፊት ምን እንደገጠመው ጠይቁት።

ለነጋዴዎች፦ ያ ልጅና ሁለት ጓደኞቹ በሳምንት ሁለት ማታ ከዒሻ ሶላት በኋላ መስጂድ ይቀመጣሉ። አንድ ደብተር መያዝ፣ ዕቃ መቁጠር፣ ዘካ ማስላት ለሚፈልግ በነጻ ያግዛሉ። ደብተራችሁን እዚያ የሚያነብላችሁ ሌላ ሰው የለም፤ ያያችሁትም ከእነሱ አይወጣም። እስካሁን የመጡት ጥቂት ናቸው። ከመጡት አንዱ አዛውንት ነጋዴ ስሌቱ ሲያልቅ ያለፉት ዓመታት ዘካ ጎድሎባቸው እንደነበር አይተው በየዓመቱ የጎደለውን በመጻፍ ላይ ናቸው። እሳቸው በዚህ ዕድሜ ከጀመሩ ለማናችንም አልረፈደም።

አላህ ሪዝቃችንን ሐላል ያድርግልን፤ መዝገባችን በተከፈተ ጊዜ ከማያሳፍራቸው ያድርገን፤ ልጆቻችንን በሐቅ ላይ ያጽናልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።